ለካሚዮን የተጠራ ቅሬ

አፍንጫዬን ያመንኩት ዘግይቼ ነው። ጥፋቱ የአፍንጫዬ አልነበረም። በዚያ ክፉ ዓመት ከወልድያ እስከ ቆቦ አገሩ ሁሉ ይሸት ነበር። የሞተ ከብት ይሸታል። ቀባሪ ያጣ ሰው ይሸታል። ጠፍር ቀቅሎ ሊበላ መንገድ ዳር ቆዳ የሚለበልብ ሰው አለ፤ የቆዳው ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ውስጥ የወደቀው ቀንድ ይሸታል። የተቃጠለ ነገር በሸተተኝ ቁጥር መኪና አቁሜ ብወርድ ኖሮ ከወልድያ ሳልወጣ ይመሽብኝ ነበር።

የጫንኩት ስንዴ ነው፤ ለቆቦ መጠለያ። መጠለያ ይበሉት እንጂ አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና ዙሪያውን የተኮለኮለ ሰው ነው። ወልድያ ላይ ስጭን ከቆቦ የተመለሰ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጠራኝ።

«እህትህን አየኋት። የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አለች።»

«እንዴት ናት?»

«አለች አልኩህ እኮ! ድስቱ ግን ተደፍቷል፤ የሚቀቀል ነገር አልቋል። የምትሄድ ከሆነ ነገ አትበል፣ ዛሬ ሂድ።»

ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና እሷ ነን። ዛሬ ሂድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲፈታልኝ አላስፈለገኝም።

ስለዚያ ጊዜ የተጻፈውን አንብቤያለሁ። ያነበብኩትም ዘግይቼ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ጉልበቴ ከልጆች ዴስክ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀምጬ ነው። ዝናብ ቀረ ይላል የተጻፈው። ቀርቷል፣ አልዋሹም። ዝናብ ግን ብቻውን ሰው አይጨርስም። እኔ እዚያው መንገድ ላይ ነበርኩ። እኔ አንድ ካሚዮን ስንዴ ይዤ ወደ ሰሜን ስወጣ እህል የጫነ ካሚዮን ከወሎ ወደ ደቡብ ሲወርድ ተላልፈናል፤ ጥሩንባ ነፍተን ሰላምታም ተለዋውጠናል። የባለርስቱ ጎተራ አልተራበም። አንድ ባለሥልጣን በላንድሮቨር ሲያልፍ መስኮቱን እየጠመዘዘ ወደ ላይ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ አቧራውን ሳይሆን ሰውን ነበር የዘጋው። ሰው አመስግን ቢሉኝ አፌ ቶሎ አይከፈትም። ይህን የምጽፈው ግን ከጎብዬ ወዲያ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች እስከ ዛሬ በጭንቅላቴ ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ ስላጣሁላቸው ነው።

ካሚዮኑ የአንድ የደሴ ነጋዴ ነው። ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ ነው ይባልለት ነበር። ውሸት ነው፣ መልኩ ግን ምስክር ይሆናል። ረዳቴን ወባ ጥሎት ወልድያ ተኝቶ ቀርቷል። ብቻዬን ነኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ አሮጌ ሾፌር፣ «መኪና ሳይናገር አይሞትም፤ የሚናገረው ደግሞ በሽታው ነው፣ በአፍንጫህ ስማው» ይለኝ ነበር። ሽቦ ሲቃጠል ከአፍንጫ በፊት ዓይንን ይቆጠቁጣል። ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ የኩራዝ ክር ይሸታል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ምላስ ላይ ይመራል። የፍሬን ሸራ ሲነድ የተለበለበ ቀንድ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቀዋለሁ። እንግዲህ ከወልድያ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ጭነቱ እየገፋኝ፣ ፍሬን እየረገጥኩ ወርጄ፣ አላ ውሃን እንደተሻገርኩ የተለበለበ ቀንድ ሸተተኝ። በሌላ ዓመት ቢሆን በዚያው ቅጽበት እቆም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ቀንዱ በግራም በቀኝም እየተለበለበ ነው። የአገሩ ሽታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጎብዬ ስደርስ ሽታው ከእኔ ጋር አብሮ ገባ። አገሩ ቢሆንማ ኋላ በቀረ ነበር። አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሽቦውን በጣቴ ዳበስኩ፤ ደህና ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ የለም። ቺንጊያውን ሳብኩት፤ አልላላም፣ አልተበላም። ሱቁ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ለመሳቅ የሚበቃ ጉልበት የተረፈው፣ እኔን መጫወቻው አደረገኝ።

«ዶክተር! በሽተኛው ምን አለ?»

«ይሸታል።»

«ማን የማይሸት አለ? እኔንም አንድ ጊዜ ከፍተህ እየኝ እስቲ።»

ሞተሩ ንጹሕ ነው። ሞተሩ ንጹሕ ከሆነ ሽታው ከታች ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ትታየኛለች፤ ከታች ገብቶ እያንዳንዱን ጎማ መዳበስ ደግሞ ጊዜ ነው። ኮፈኑን ዘግቼ ነዳሁ።

ከጎብዬ ወዲያ ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ መኪናው ከበደኝ። ሦስተኛ ማርሽ እየዘፈነ የሚወስደውን መንገድ ሁለተኛ አግባልኝ ብሎ ይለምነኛል፤ አንድ ሰው ከኋላ ገመድ አስሮ የሚጎትተኝ ይመስላል። ቀጥሎ ሌላ ሽታ መጣ፤ በዚህኛው ግን ራሴን ተጠራጠርኩ። ቆሎ ነው የሸተተኝ። ምጣድ ላይ ያለ፣ ገና መፍካት የጀመረ የስንዴ ቆሎ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ የራበው ሰው የሌለ ነገር ይሸተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደረሰብህ አልኩ ለራሴ።

ያኔ ነው በስፔኪዮ ወደ ኋላ ያየሁት። መንገዱ ሰው ነው። ወደ ቆቦ የሚጓዘው ሰው ድሮም ዳር ዳሩን ይዞ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን መሐል መንገድ ገብቷል። ደግሞ ሁሉም ያጎነብሳል። ያጎነብሳል፣ ቀና ይላል፣ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ መልሶ ያጎነብሳል። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁሉም በአንድነት። የሚሰግዱ መሰለኝ። ለእኔ ካሚዮን የሚሰግዱ መሰለኝና ፀጉሬ ቆመ። ፍሬን ሳልረግጥ መኪናው ራሱ ቆመ።

ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከጭነቱ ሥር የወለሉ ሁለት ሳንቃ ተላቅቆ ተከፍቷል፤ በላዩ ያለው ጆንያ ተቀዷል። ስንዴው ከወፍጮ አፍ እንደሚወርድ ዱቄት ቀጥኖ ይፈስሳል። ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ በግራ የኋላ ጎማ ላይ። ሰው የሚለቅመው እሱን ነው። ቆሎውም እውነት ነው። በየጎማው እየዞርኩ መሐል ብረቱ ላይ ምራቄን እንትፍ አልኩ። የፊቶቹ ዝም አሉ። የቀኙ የኋላ ዝም አለ። የግራው የኋላ ግን ምራቄ ሳያርፍበት «ችስ» ብሎ አየር ላይ ተነነ። ስንዴው እዚያ የጋለ ብረት ላይ እየወደቀ ይቆላል።

ስዞር ሰዉ ደርሷል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ብዙ ነው። እኔ አንድ ነኝ፤ ከኋላዬ ስንዴ አለ። ማንዌላውን፣ ያንን የሞተር ማስነሻ ብረት፣ ከጋቢና አውጥቼ ያዝኩ። ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ሽርጣቸው ወገባቸው ላይ ሁለት ዙር የዞረላቸው ሽማግሌ ከመሐል ወጡ።

«ልጄ፣ ብረቱን አስቀምጠው። ክንድህን ያደክመዋል።»

አስቀመጥኩት። 

«የፈሰሰውን ለቅመናል። ትቆጣለህ?»

«ኧረ ምኑን እቆጣለሁ አባቴ።»

«እንግዲያው ቀዳዳውን ድፈን። መሬት የነካው የአላህ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ያለው አማና ነው፣ አደራ። የማን አማና ነው?»

«ለቆቦ መጠለያ ነው። እህቴም እዚያ ናት።»

«በሕይወት?»

«ጠዋት አለች ብለውኛል።»

ሽማግሌው ጎማውን አዩት። «ይኼስ በሽተኛ ምን ሆነ?»

ነገርኳቸው። ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም፤ እየተፋተገ ነድዷል። ካልፈታሁት አይሄድም፤ በግድ ብነዳው ጎማው እሳት ይይዛል፣ እህሉ ያልቃል። ለመፍታት ደግሞ በክሪክ ማንሳት አለብኝ። ክሪኬ አሮጌ ነው፣ መሬቱ አሸዋ ነው፣ ጭነቱ ሙሉ ነው። የኋላው ጭነት መውረድ አለበት። ጆንያው ኩንታል ነው፤ ብቻዬን አውርጄ ብቻዬን ልጭነው አልችልም።

«እና ምን ትሻለህ?»

«ሰው ነዋ።»

ሽማግሌው ድምፅ በሌለው ሳቅ ሳቁ። «ሰውማ ነበርን» አሉ።

ከዚያ መንገዱን ትተው ትንሽ ከፍ ወዳለ ድንጋይ ወጡ። ከመንገዱ በስተምዕራብ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ጎጆዎች ይታያሉ፤ ጭስ የሚወጣው አንድም የለም። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ።

«ቅሬ! ቅሬ ነው! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ቅሬ!»

ቅሬ ምን እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ልናገር። ሰው ሲሞት የአካባቢው ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል የሚጠራበት ማኅበር ነው። ጥሪው ከተሰማ የሚያርስ በሬውን ይፈታል፣ የሚበላ እጁን ያነሳል። ያልመጣ ሰው በራሱ ቀን ቀባሪ የለውም። ያን ሰሞን ግን ቅሬ መጠራት ካቆመ ሰንብቷል። ሟቹ በዛ፣ ጠሪው ደከመ፤ ሰው በሞተበት አፈር ይመለስበት ነበር። ሽማግሌው በደጉ ዘመን የዚያ አገር ቅሬ ጠሪ ነበሩ።

ድምፃቸው ቀጭንና ስንጥቅ ነው። መጀመሪያ ማንም አልመለሰም። እኔም ውስጤ፣ ለዚህ የሚነሳ ሰው የለም አለ። ከዚያ ከጎጆዎቹ አንዱ አካባቢ አንድ ድምፅ ጥሪውን ተቀበለ፤ «ቅሬ!» ከእሱ ወዲያ ሌላ። ጥሪው ከደጅ ደጅ ሲሄድ፣ ሲርቅ፣ እየሳሳ ተራራው ሥር ሲገባ ሰማሁት።

መጡ። ቀስ ብለው፣ ግን መጡ። አንዱ በምርኩዝ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ። ሰው ለቀብር የሚይዘውን ይዘው ነው የመጡት፤ ዶማ፣ አካፋ፣ ቃሬዛ። ከፊት ያለችው ሴት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ወገቧ ላይ ታጥቃለች።

«ማነው የሞተው አያ?» አለች ሽማግሌውን።

«መኪና።»

 ሴትዮዋ ካሚዮኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«መኪና ይሞታል እንዴ?»

«ሊሞት ነው። ሆዱ ውስጥ የስንት ሰው ነፍስ አለ። የዚህ ልጅ እህትም እዚያው ውስጥ ናት በይው።»

ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ፣ ጉንጩ ገብቶ ጥርሱ ብቻ የቀረ ሰው፣ ተቆጣ። «ያ አላህ! ለመኪና ብለው ነው ከሞት አልጋዬ ያስነሱኝ?»

«ከተነሳህማ አልሞትክም። ና አንሳ!»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላውም። የራበው ሰው ሳቅ ሳል ይመስላል፤ ግን ሳቅ ነው፣ አልሳትኩትም።

ያየሁትን ልጻፈው። ጆንያውን ከጫፍ ላይ እኔ አንከባልዬ ቃሬዛው ላይ አወርዳለሁ፤ አራቱ ያነሳሉ። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ሳይደክም ይተካል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ሌሎች አራት ከሥር ይገባሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ወጥተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ መልሰው ይገባሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሸከሙት፤ ጆንያን እንደ ሰው ተሸከሙት። እስላሞቹ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ፣ ማተብ ያሰሩት «እግዚኦ» ይላሉ፤ እኔም ከላይ ሆኜ እላለሁ። ጆንያው ከየትኛቸውም ይከብዳል። ከመንገዱ ዳር ሲያደርሱትም አይጥሉትም፤ ተንበርክከው ነው የሚያሳርፉት። እየተራቡ ስንዴን ተንበርክከው ሲያሳርፉ እኔ በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በአካፋው አሸዋውን ጠርገው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀበሩልኝ፤ ክሪኩን እሱ ላይ አቆምኩ። ብረቱ ገና ይፋጃል። አንዱ ውሃ እናምጣ አለ፤ ከየት እንደሚያመጣ እንጃ። «ውሃ አይነካውም! የጋለ ብረት ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ያኔ ከወገቧ ነጠላዋን ፈትታ ጎማውን ታራግበው ጀመር። ሌሎቹም ጋቢ ያለው በጋቢ፣ ሽርጥ ያለው በሽርጥ፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ከበው እንደሚያራግቡት፣ ካሚዮኔን አራገቡት።

ሲበርድ ጎማዎቹን ፈታሁ። የኋላው ጎማ ጥንድ ነው፤ የውጭኛውን ሳወጣው በሁለቱ መሐል የተጠራቀመው ቆሎ ተዘርግፎ ቸርኬው ላይ ቀረ። ግማሹ ከሰል ሆኗል፣ ግማሹ ግን ቡናማ ነው፣ ፈክቷል። ሽታው ተነሣ። እጆች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ማንም አልነካውም።

«መሬት አልነካም» አለ ያ ጥርሳሙ ሰው ቀስ ብሎ።

«ጆንያ ውስጥም የለም» አለች ሴትዮዋ።

«መኪናው ላይ ነው ያለው። መኪናው ላይ ያለ ደግሞ አማና ነው» አለ ሰውዬው።

«መኪናው መቼ ያዘው? ከጆንያው ወጥቷል እኮ! ተፍቶታል!»

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ኧረ በእግዜር ብሉት! እኔ ፈቅጃለሁ!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ምን ሆነህ ትፈቅዳለህ? ተሸካሚ ነህ እንጂ ባለቤት አይደለህም።»  ጎንበስ ብለው አንዷን ፍሬ አነሱ፣ አሸተቱ። «ይኼ ቆቦ ቢደርስ ይቀቀላል?»

«አይቀቀልም። ተቃጥሏል፣ ዘይትም ጠጥቷል። ይጣላል።»

«ሲደርስ የሚጣል ከሆነ አልደረሰም ማለት ነው። መንገድ ላይ ቀርቷል። መንገድ ላይ የቀረ የመንገደኛ ነው። ሕፃን የያዛችሁ ቅደሙ።»

ፍርዱ ይኸው ነው። በየመዳፉ ቁንጥር ቁንጥር አደረጉ። «ቢስሚላህ» ብለው፣ አማትበው፣ በሉ። ለእኔም ድርሻዬን ሰጡኝ፤ ተሸካሚ አይቀርም ብለው። ጣዕሙ የነደደ ፍሬንና የሞተር ዘይት ነው። ከጥርሴ መሐል እስከ ማግሥቱ አልጠፋም።

ከዚያ የጎማው ማሰሪያ የሆነውን ከበሮ መሳይ ብረት፣ ታምቡሩን፣ አወጣሁ። በሽታው ተገለጠ። ፍሬን ስለቅ ሸራውን ከታምቡሩ የሚመልሰው ሞላ ቁልቁለቱ ላይ ተበጥሷል። ሸራው እንደተጣበቀ ቀርቶ፣ ከአላ ውሃ ጀምሮ ሲፋተግ መጥቶ፣ ተልጦ እንደ ከሰል ይፈረፈራል። አውጥቼ ጣልኩት። ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ቱቦ በፒንሳ አጥፌ ቀጠቀጥኩና ዘጋሁት። ሦስት ጎማ ፍሬን ይበቃኛል፤ እስከ ቆቦ ሜዳ ነው። ያልበቃኝ ሌላ ነው። ኩሽኔታው፣ ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ኳስ፣ ደርቋል። ግራሶው በግለቱ ቀልጦ ፈስሷል። በደረቁ ብነዳው ብዙም ሳልርቅ ይነክሳል። ግራሶ አልያዝኩም። የሞተር ዘይት ቀጭን ነው፣ ይፈሳል።

«ስብ ያስፈልገኛል» አልኩ። «ሞራም ቢሆን፣ ማንኛውም ስብ።» ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ። ሞራ ያለው ከብት ከጠፋ፣ ሞራ ያለው ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው!

ሰዉ እርስ በእርሱ ተያየ። ሴትዮዋ ነጠላዋን መልሳ ታጠቀችና ወደ ጎጆዎቹ ሄደች። ስትመለስ ትንሽ ቅል ይዛለች፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ። ውስጡ ቅቤ ነው፤ የቆየ፣ የጠነከረ።

«ለአራስ ልጄ ነበር ያስቀመጥኩት» አለች።

«አራሷስ?»

«የእሷ ቅሬ አልተጠራም።»

 ኩሽኔታውን ከእጄ ወሰደች። እንዴት እንደሚባል አላሳየኋትም። ቅቤውን በአውራ ጣቷ በየኳሱ መሐል እየገፋች፣ የልጅን ፀጉር እየከፋፈሉ እንደሚቀቡት፣ ቀስ ብላ አስገባችው። እኔ ከሞተሩ ጥቂት ዘይት ቀድቼ አከልኩበት። ስትጨርስ ጣቷን ወደ አፏ ታደርገዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ማን ይፈርድባታል? አልላሰችውም። ፀጉሯ ላይ ጠረገችው።

መልሼ ገጠምኩ። በቃሬዛ ያወረዱትን በቃሬዛ ጫኑ፤ መጫን ደግሞ ከማውረድ ይብሳል። የተቀደደውን ጆንያ ሴቶቹ በቃጫ ሰፉት። ላመሰግንና ልነዳ ስል ሽማግሌው በሩን ያዙ።

«ቁጠር።»

«አባቴ፣ ምን ልቁጠር? አይቻለሁ እኮ!»

«አማና ሳይቆጠር አይመለስም። ውጣና ቁጠር።»

ወጥቼ ቆጠርኩ። ሙሉ ነው። «ሙሉ ነው» አልኩ፤ ያን ጊዜ ብቻ በሩን ለቀቁት።

ከእነርሱ መሐል ወደ ቆቦ የሚሄዱትን ላሳፍር ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አላሉም። «ጎማው ገና ከሕመሙ ተነሥቷል፤ የታመመ ላይ አይጫንም። አንተ ቀድመህ ድስቱን አስጥድ፣ እኛ በእግራችን እንደርሳለን» አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ጎማዬንም፣ እህቴንም፣ ዝናቡንም አንድ ላይ ለመኑ። ሁሉም «አሚን» አለ። ስንቶቹ ቆቦ እንደደረሱ አላውቅም። ጠይቄ ነበር፤ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በሁለተኛ ማርሽ ነዳሁ። በየጥቂቱ እወርዳለሁ፣ ብረቱ ላይ እንትፍ እላለሁ፣ እሰማለሁ። ሮቢት ላይ ሞቋል፣ ግን አይጮህም። የደረቀውን የጎሊናን ወንዝ አሸዋ እንደ ሙሽራ ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። ኩሽኔታው ሲሞቅ የቀለጠ ቅቤ ሽታ ጋቢናው ድረስ መጣልኝ። ዕድሜ ልኬን በአፍንጫዬ ነው የኖርኩት፤ መሪ ይዤ ሽታ አስለቅሶኝ ግን አያውቅም ነበር። በዚያ ቀን አለቀስኩ።

ቆቦ ስገባ ፀሐይ ገና ከተራራው በላይ ነበረች። መጋዘኑ ጋ ሰው ሳይጠራ ተነሣ፤ መነሣት የቻለው። ጆንያ ማውረዱን ለሌሎች ትቼ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። እያንዳንዱን ፊት አያለሁ። ሁለት ጊዜ አልፌያት ሄድኩ። ያወቅኋት በፊቷ አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስትቀመጥ የግራ እግሯን ከቀኙ ሥር የምታስገባው ነገር አለ፣ በእሱ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ ማን እንደሆንኩ ግን አላየም።

ድስቱ ተጣደ። ስንዴው እስኪበስል ያለው ጊዜ ከመንገዱ ሁሉ ረዘመብኝ። ሲፈላ ገና ሳይበስል ውሃውን ቀድቼ፣ በትንፋሼ አብርጄ፣ በጣሳ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ከንፈሯን አርጥቦ በአገጯ ፈሰሰ። ደግሜ ሰጠኋት። አፏ ውስጥ ያዘችው። ያዘችው፤ አልዋጠችም። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ጉንጯ ውስጥ ውሃው አለ፣ ጉሮሮዋ ግን አይንቀሳቀስም። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ሰው ሲውጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችንም ቀኑን ሙሉ እንውጣለን፣ ማንም አያየውም። ጉሮሮዋ ላይ ቆዳው አንድ ጊዜ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ወረደ። ተራራ ከቦታው ሲነሣ ያየሁ ያህል ነው የሆንኩት።

ዋጠች። ቀጥሎ ያለውን ያለ ችግር ዋጠች። ከሦስተኛው በኋላ ፊቷን አኮማተረች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ ያን ጊዜ አየችኝ።

«ጨው የለውም» አለች።

ጣሳውን አስይዣት ጨው ፍለጋ ተነሣሁ።